የአመሩዱ ጎባጣ ጣራ

ሽማግሌው አራት አራት ሜትር የሚረዝሙ ሦስት ቀርከሃዎች በትከሻቸው ተሸክመው ባስ ሊሳፈሩ ሲሉ ሹፌሩ ጣሂር ይመር መጀመሪያ የመጣበት ሳቅ ነበር። ወሩ መጋቢት ነው፤ በረዶው ገና ከመንገዱ ዳር አልለቀቀም፤ ሰው ሁሉ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ስለሆነ ባሱ ጢም ብሏል። የፊት በሩ ሲከፈት ከሰውዬው በፊት ቀርከሃዎቹ ገቡ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ናይ፣ ይኼማ አይሆንም" አለ ጣሂር በኖርዌይኛ። "የሰው ዓይን ያወጣል።"

"ትንሽ ቢታጠፉ ይገባሉ" አሉ ሽማግሌው፣ ምንም ሳይደነግጡ። "ቀርከሃ እኮ ይታጠፋል።"

"ወዴት ነው?"

"አመሩድ፣ አትክልት ቦታው ጋ። ቤት ልሠራ ነው።"

ጣሂር የተረታው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ዘግቶ እብስ ይል ነበር፤ ደንቡም ያንኑ ነው የሚለው። ግን ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው በኦስሎ ብርድ ቀርከሃ ተሸክመው "ቤት ልሠራ ነው" ሲሉ እየሰማ በር የሚዘጋ አንጀት ከየት ይምጣ? "እዚሁ ይጠብቁኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሥራ እወጣለሁ፤ በመኪና እወስድዎታለሁ" አላቸው። ያመኑት አይመስልም፤ ቢሆንም ጠበቁ። ጣሂርም ቃሉን አክብሮ መጣና ቀርከሃዎቹን በልብስ ማስጫ ገመድ መኪናው ላይ ጠፍሮ፣ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ቀስ ብሎ እየነዳ አመሩድ አደረሳቸው።

ስማቸው አብዱል ሞታሌብ ነው። አገራቸው ባንግላዴሽ፣ ቢክሮምፑር የሚሉት በወንዝ የተከበበ ምድር። ግን በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ የኦስሎ ቤንጋሊ ሁሉ "ሚስትሪ" ነው የሚላቸው፤ በቋንቋቸው የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ቅድመ አያታቸው ቤት ሠሪ፣ አያታቸው ቤት ሠሪ፣ አባታቸው ቤት ሠሪ። እሳቸው ግን ኖርዌይ ከገቡ ጀምሮ አርባ ዓመት ሙሉ የሠሩት ሳህን ማጠብና ሽንኩርት መላጥ ነው። ወረቀታቸው ሁሉ "የወጥ ቤት ረዳት" ይላል። ጡረታቸው ራሱ የወጥ ቤት ረዳት ጡረታ ነው።

"ልጄ አናጺ መሆኔን የሚያውቀው በወሬ ነው" አሉት ለጣሂር፣ ያን ቀን መኪና ውስጥ። "ሲሰማኝ ፈገግ ይላል፤ ሽማግሌ ተረት ሲያወራ ፈገግ እንደሚባለው። አንድ ጣራ፣ አንድ ብቻ ሠርቼ ባሳየው ይበቃኛል።"

የአመሩድ አትክልት ማኅበር ታዲያ ፈቅዶላቸዋል፤ በሚያርሱት ቁራሽ መሬት ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ መጠለያ፣ ግድግዳ የሌላት፣ አራት ምሰሶና ጣራ ብቻ። ግን ፈቃዱ ቀን አለው። በሚያዝያ፣ አትክልት ቦታው በሚከፈትበት ቅዳሜ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ኡኒ መጥታ ታያለች። ኡኒ ዕድሜዋን ሁሉ ኢንጂነር ሆና ኖራ ጡረታ የወጣች፣ በነገር የማትታለል ሴት ናት። ካለፈ መጠለያው ይመዘገባል፤ የሠሪው ስም በትንሽ ሰሌዳ ተጽፎ ምሰሶው ላይ ይመታል። ካላለፈ በዚያው ሳምንት ይፈርሳል፤ ዓመቱን ሙሉ ድጋሚ ጥያቄ የለም። ቤንጋሊዎቹ ደግሞ ያንኑ ቅዳሜ አዲስ ዓመታቸውን እዚያ ጣራ ሥር ሊያከብሩ ቀጠሮ ይዘዋል። ካልጠፋ ቀን።

ጣሂርም የቤት ሠሪ ልጅ ነው። አባቱ ይመር አሊ በወሎ፣ በቃሉ ገጠር፣ ከሐርቡ በላይ፣ ቤት ሲያቆምና ሲከድን የኖረ ሰው ነው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ለአገሩ ሽማግሌዎች ከዘራ ይሠራል። ጣሂር እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ሳር እያቀበለው አድጓል። ይመር ከሠራቸው ሰማንያ ቤቶች ዛሬ አንዱም የለም። ጣሂር የዛሬ አምስት ዓመት ሄዶ አይቷል፤ ሁሉም ቆርቆሮ ሆኗል። ሳር ቤት ላይ ማን ስሙን ጽፎ ያውቃል? ከሰውዬው እጅ የተረፈው አንድ ከዘራ ብቻ ነው፤ ሃውገንስቱዋ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ጣሂር ቤት መተላለፊያ ላይ ተሰቅሏል።

ይኼ ነገር ያንገበግበዋል። የባሰበት ደግሞ ኖርዌዮቹ በአባቱ ስም ሲጠሩት ነው። ሥራ ቦታ "ይመር፣ ነገ በማለዳ ነህ" ይሉታል። "ይመር እኔ አይደለሁም፤ ይመር ቤት የሚሠራው ነው" ብሎ ሃያ ዓመት ሙሉ ተከራክሯል። ማን ሰምቶት።

ስለዚህ ሚስትሪ "ሳር የሚከድን ሰው አጣሁ" ሲሉ ሁለቴ አላሰበም። አጽሙን እሳቸው ሊያቆሙ፣ ክዳኑን እሱ ሊከድን ተስማሙ። ሳሩ ከኦስሎ ወጣ ካለ ሐይቅ ዳር ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። መነጋገሪያቸው ኖርዌይኛ ነው፤ የሁለቱም ኖርዌይኛ ያነክሳል፤ ግን ይግባባሉ። ችግሩ ኖርዌይኛ አንቱታ የለውም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው፤ ይኼ ደግሞ ለወሎ ልጅ አፍ ይከብዳል። ጣሂር መላ አገኘ፤ "ቻቻ" ይላቸው ጀመር፤ በቋንቋቸው አጎቴ ማለት ነው። እሳቸውም "ባይ" ይሉታል፤ ወንድሜ።

"ቻቻ፣ ጣራው ምን ዓይነት ነው?" ብሎ አንድ ቀን ጠየቃቸው። አራቱ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ሌላ ነገር የለም፤ ንድፍ የሚባል ወረቀትም የለም።

"ጣራ ሳይቀመጥ አይወራለትም" አሉ ሚስትሪ። "አባቴ እንዲህ ነው ያሳደገኝ።"

ጣሂር ወደደላቸው። የሱም አባት ከመሥራት በፊት ማውራት አይወድም ነበር። ከዚያ ሥራ ተደራረበበትና ሳምንቱን ሙሉ ብቅ ሳይል ቀረ። በዚህ መሃል ሚስትሪ ሦስቱን ቀርከሃዎች ዘፍዝፈው፣ በእሳት አሙቀው፣ ከላይ አሳርፈው አሰሯቸው፤ ሁለቱን ለክፈፍ፣ አንዱን ለአናት። ማክሰኞ ጨረሱ። ረቡዕ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስወግዱ ሆስፒታል ገቡ።

ሐሙስ ጠዋት ጣሂር ሳሩን ሊከድን መጣና ባየው ነገር ክው አለ።

ሁለቱም ክፈፎች ጎብጠዋል። መሃላቸው ወደ ላይ ተነፍቷል፤ ጫፍና ጫፋቸው ወደ ታች ወርዷል። አናቱ ላይ ያለው ቀርከሃ ራሱ እንደ ግመል ጀርባ ሆኗል። "ያ ረቢ" አለ ለራሱ። ማክሰኞ ማታ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ቀርከሃው ውሃ ጠጥቶ የወረደ መሰለው። ወዲያው ደግሞ ስለ ዓይናቸው አሰበ። ምስኪን፣ አላዩትም፤ በሞራ የተጋረደ ዓይን እንዴት ያያል? ኡኒ ውሃ ልኳን ይዛ ስትመጣ፣ ቤንጋሊ ሁሉ ከቦ እያየ፣ ልጃቸው ያችን ፈገግታውን ፈገግ ሲል፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ስልክ መደወል የሚባል ነገር ነበር። ግን ጣሂር የይመር ልጅ ነው። ይመር "የሰው ቤት ዘሞ ካየህ፣ ባለቤቱ ገበያ ሲሄድ ጠብቀህ አቅናለት፤ አቅንተህም አትናገር" ብሎ ነው ያሳደገው። በነሱ መንደር ይኼ ትልቁ ክብር ነበር። ባለቤቱ ሲመለስ ያያል፣ ዝም ይላል፤ አቃኙም ዝም ይላል፤ የማንም ፊት ሳይቀላ ነገሩ ያልቃል። ሽማግሌው ደግሞ ገበያ ባይሄዱም ሆስፒታል ሄደዋል። ከዚህ የበለጠ ምቹ ጊዜ አይገኝም ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

ማሠሪያዎቹን በቢላ በጠሳቸው። ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ ወጠረ፤ ሲነኩት የሚያስተጋባ ውጥር። ከገመዱ በታች የወረዱትን ጫፎች በመጋዝ ገዘገዛቸው፤ በሁለቱም ክፈፍ ላይ ቀጥ ያለ የጥድ ጣውላ መታ። የአናቱን ቀርከሃ ከላይ በጣውላ ተጭኖ በሚስማር ሲያስተኛው አንድ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማ፤ ቀርከሃ መቼም ይጮኻል ብሎ አለፈው። ስድስት ሰዓት ላይ ጣራው እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ። ራቅ ብሎ አየው። ደስ አለው። እያፏጨ ወደ ከሰዓት ሥራው ሄደ።

አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሚስትሪን ከመስጊድ በመኪናው ይዟቸው መጣ። የዓይናቸው መሸፈኛ ያን ጠዋት ነው የተነሣው። መንገዱን ሙሉ የመኪና ታርጋ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የሰው ጫማ ሲያነቡና ሲቆጥሩ ነበር፤ እንደ ልጅ ሆነዋል። የአትክልት ቦታውን አጥር አልፈው መጠለያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

ዞሩት። ከመሬት የተቆረጡትን የቀርከሃ ጫፎች አንድ በአንድ ለቀሙ፤ አራቱንም ታቀፏቸው። ቀና ብለው የአናቱን ቀርከሃ አዩ፤ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። በአዲሱ ዓይናቸው ያዩት የመጀመሪያ ሥራቸው ይኼ ሆነ።

"ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ቻቻ። ጎብጦ አገኘሁትና... እንዳይታዩ ብዬ... አቀናሁት።"

"ቆንጆ ሆኗል" አሉ ሚስትሪ። "አሁን የባስ ማቆሚያ ይመስላል።"

ጣሂር ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

ሚስትሪ የታቀፉትን መሬት አስቀመጡና ምሰሶው ላይ የቀረውን ገመድ ፈቱ። "ይኼን ምን አደረግከው?"

"ወጠርኩት።"

"እኛ ቤት ገመድ አይወጠርም። ያዝ።" አንዱን ጫፍ ሰጡት፤ አንዱን እሳቸው ያዙ። "አሁን አርግበው። ጫፉን ሳትለቅ አርግበው።"

ጣሂር ሁለት እርምጃ ተጠጋ። ገመዱ መሃሉ ላይ ረገበና ተንጠልጥሎ ቆመ።

"አየህ? ይኼን ቅርጽ እኔ አልሠራሁትም፤ አንተም አልሠራኸውም። ገመዱ በራሱ ክብደት የሠራው ነው። አያቴ ይኼንን ነበር ገልብጦ ጣራ የሚያደርገው። እኛ አገር ዝናቡ ሲገባ አራት ወር አይወጣም። ጎባጣው ክፈፍ ውሃውን ወደ ማዕዘን ማዕዘን ይነዳዋል፤ የጭቃው ግድግዳ ይተርፋል። የድሃ ጎጆ ነው፣ ባይ። ከዚያ ሱልጣኖች መጡና በጡብ መስጊድ ሠሩ፤ ክፈፉን ጎባጣ አደረጉት። ሂንዱዎቹ በሸክላ ቅርጽ ያጌጠ ቤተ መቅደስ ሠሩ፤ ጣራውን ጎባጣ አደረጉት። የደልሂ ነገሥታት ደግሞ በእብነ በረድ ሠሩ፤ እነሱም ጎባጣ። ጡብ ምን ቆርጦት ይጎብጣል? እብነ በረድ ምን ቆርጦት? ቀርከሃውን አይተው ነው። እኛን አይተው ነው።"

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ጀርባቸው ግን ቀጥ ብሏል፤ ጣሂር ያን ያህል ረጅም መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያየው።

"መስጊዱም ቤተ መቅደሱም አንድ ጣራ?" አለ።

"አንድ ጣራ። ሠሪዎቹ እኮ ጎረቤታሞች ናቸው።"

"እንደኛ ወሎ" አለ ጣሂር፣ ሳያስበው። ወዲያው ያደረገው ነገር ትዝ አለውና ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እሱ ሰውዬውን ከልቡ እያከበረ አጥሩን ብቻ ሳይሆን ጣራውን ነቅንቆ ጣለው። "ቻቻ፣ ሌላ ቀርከሃ እንግዛ።"

"ከሆላንድ ነው የሚመጣው። ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ስምንት ቀን ነው ያለን።" ሚስትሪ የሹራባቸውን ቁልፍ ቆለፉ። "አዲስ ዓመቱን ቤት እናከብራለን። አንተ ክፉ አላሰብክም፤ አውቃለሁ። አድርሰኝ።"

ጣሂር ቤቱ ሲገባ ሚስቱ መድና በኦስሎ ወደብ ዳር ካለው ቢየርቪካ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። እዚያ የመሥሪያ ቤት ጽዳት ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ መስታወት ስታይ ስለምትውል ፊት አይታ ሆድ ታነባለች። አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷ ደግሞ ከማባበሏ በፊት መናገሯ አይቀርም።

"ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል" አለችው። "ምን አቅና አሉህ? ኦፔራ ቤቱ እኔ መሥሪያ ቤት አጠገብ ጣራው ባሕር ውስጥ እስኪገባ ተንጋዶ ሰው ይንሸራሸርበታል። አንድ ሰው ገመድ ይዞ ሊያቀናው መጥቶ ያውቃል?"

"በቃ መድና።"

"አልበቃም። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን አንድ ነገር ነው የለመኑት።" ተነሥታ መተላለፊያው ላይ የተሰቀለውን ከዘራ አወረደችና ጭኑ ላይ ጣለችለት። "ይኼን ያጎበጠው ሰው ልጅ አይደለህም? ቀርከሃ ከጠፋ እንጨት የለም?"

ጣሂር የከዘራውን መያዣ ዳሰሰ፤ ወይራ ነው፤ በእጅ የማይታጠፍ ወይራ። አባቱ እርጥቡን እንጨት ረመጥ ውስጥ ቀብሮ፣ እያገላበጠ፣ ላቡን ሲያወጣ እንደ ሊጥ እየታዘዘለት ሲያጎብጠው ዓይኑ ላይ ድቅን አለ። ሳር አቀባይ የነበረው ልጅ ያንንም አይቷል፤ እጁም ያውቀዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ግን መሪ ከማዞር በቀር ምንም አላጎበጠበትም።

ቅዳሜ በማለዳ ኡኒ ጋ ሄደ። ከአትክልት ቦታው አጥር ጀርባ "አስክ" የሚሉት ለጋ ዛፍ በብዛት በቅሎ ማኅበሩ ሊያሳሳው እንደሚፈልግ ያውቃል። ሦስት ቀጫጭን ረጃጅም ለመናት።

"ለምን?" አለች።

"ጣራ አበላሽቼ ልክስ ነው።"

"የራስህን ወይስ የሰው?"

"የሰው።"

ኡኒ ለአፍታ አየችውና "ውሰድ" አለች። "የዛሬ ሳምንት ግን እንደማንኛውም ሰው ነው የማየው።"

ጣሂር ከተቆረጡት ዛፎች አንዱን ቅርንጫፍ አትክልት ቦታው ባለው የብረት እሳት ማንደጃ ላይ፣ ረመጥ ውስጥ ቀብሮ አለሰለሰው። ጎብጦ ሲቀርለት አቀዝቅዞ፣ ከአባቱ ከዘራ ጋር ይዞ ሚስትሪ ቤት በር ላይ ቆመ። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ሁለቱን እንጨቶች ተቀበሉት፤ አገላብጠው አዩአቸው፤ በጥፍራቸው ጫሩ፤ ለማቃናት ሞከሩ። እምቢ አላቸው።

"ይኼን የሠራው ማን ነው?" አሉ ከዘራውን አንሥተው።

"አባቴ።"

"ይኼንንስ?"

"እኔ።"

"የአባትህ ይበልጣል" አሉ። ከዚያ ጫማቸውን ለማጥለቅ ጎንበስ አሉ።

ያን ሳምንት ጣሂር የጠዋት ሥራ ሲሆን ከሰዓት፣ የከሰዓት ሲሆን ጠዋት አመሩድ ነው። ሚስትሪ ገመዳቸውን የመሣሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማር አንጠልጥለው፣ አርግበው፣ የረገበበትን መስመር በጠመኔ ተከትለው አሰመሩ። ልኩ ያ ነው፤ ሌላ ልክ የለም። ጣሂር እሳቱን ያዘ። አራት ሜትር እንጨት ከከዘራ ጋር አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው አንድ ጎኑ ጠቆረበት፤ ሚስትሪ "ኬባብ አደረግከው፤ የወጥ ቤቱን ሥራ ለኔ ተው" አሉት። ከዚያ ወዲህ ረመጡን የሚገልጡት እሳቸው ሆኑ፤ የእንጨቱን ላብ በአዲሱ ዓይናቸው እያዩ "አሁን" ሲሉት ጣሂር ያነሣል፤ ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ መሬት ላይ በተተከሉ ችካሎች መሃል እያስገቡ፣ ከጠመኔው መስመር ጋር እስኪገጥም ያጎብጡታል። ሁለት ቀን እንዲቀዘቅዝ ተዉት። ሲፈቱት አንድ ጣት እንኳ አልተመለሰም።

ሚስትሪ ጣታቸውን በጎባጣው ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱ። "አያቴ እንጨት አይጎብጥም ይል ነበር" አሉ። "ይመርን ስላላወቀው ነው።"

ጣሂር የአባቱን ስም በሥራው የሚያነሣ ሰው ሰምቶ አያውቅም። ወደ ሳሩ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ፤ ጭስ ነው ብሎ ያመካኝ ነበር፤ እሳቱ ግን ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ክዳኑ አራት ቀን ፈጀ። ከታች ጀምሮ፣ ነዶ በነዶ፣ በገመድ እየተጠፈረ፣ ጎባጣውን ተከትሎ ወጣ። አርብ ሲመሽ አልቆ ነበር። መድና መጥታ አየችው፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከሷ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በረዶ ጣለ። የሚያዝያ በረዶ፣ እርጥብና ከባድ። ጣሂር ሲደርስ ከጎን ያለው አባል የዘረጋው የላስቲክ ድንኳን መሃሉ ላይ በረዶ አቁሮ እግሩን ሰብሮ ተኝቷል። ወደ መጠለያው ሮጠ። ጣራው ቆሟል። በረዶው ከጎባጣው ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ በአራቱ ማዕዘን ተከምሯል፤ አናቱ ላይ ያለው እፍኝ አይሞላም። ከሥሩ የሚስትሪ ምራት በርከክ ብላ በሩዝ ዱቄት ውሃ፣ በጣቷ እያንጠባጠበች፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ጣውላ ላይ አበባና ቅጠል ትስላለች፤ አልፖና ይሉታል፤ ለበዓል ቀን የሚሳል ነው። ነጩ መስመር ደርቋል፤ አንዲት ጠብታ ከላይ አልወረደችበትም።

እኩለ ቀን ሲሆን ቤንጋሊዎቹ በቀይና በነጭ ልብስ ላይ የክረምት ጃኬት ደርበው ሞሉ። የሚስትሪ ልጅ እጁን ኪሱ ከቶ ከዳር ቆሟል። ኡኒ መጣች። ውሃ ልኳን ክፈፉ ላይ አስቀመጠች፤ አረፋው ሸርተት ብሎ ጥግ ያዘ። ሌላ ቦታ አስቀመጠች፤ ወደ ሌላው ጥግ ሸሸ።

"ይኼ ቀጥ አይደለም" አለች።

ሚስትሪ አፋቸውን ሲከፍቱ ጣሂር ቀደማቸው።

"ያ፣ አዎ፣ ቀጥ አይደለም" አለ። "ቀጥ አድርጌው ነበር፤ ያበላሸሁት ያኔ ነው። እሳቸው ቀድሞ ያደረጉት ልክ ነበር።" ገመዱን ከኪሱ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ለሷ ሰጣት። "ያዢው። አሁን አርግቢው።"

ኡኒ ገመዱ ሲረግብ አየች። ቀና ብላ ክፈፉን አየች። ገመዱን ከፍ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ለካችው። ውሃ ልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ወጣት ሆኜ ድልድይ ስንሠራ ይኼን ቅርጽ ለማግኘት ሳምንት ሙሉ እናሰላ ነበር" አለች ወደ ሚስትሪ ዞራ። "አንተ ከየት አገኘኸው?"

"ከአያቴ" አሉ ሚስትሪ።

"ክብደትስ ይችላል?"

ይኼን ጊዜ ጣሂር ጃኬቱን አውልቆ ሁለት እጁን ክፈፉ ላይ ጣለና እግሩን ከመሬት አነሣ። ዘጠና ስምንት ኪሎ ነው። ክፈፉ ድምፁን አላሰማም።

"እንግዲህ ያ ሁሉ የበላኸው ሩዝ ለዛሬ ነበር" አለች መድና በአማርኛ፣ ከሰው መሃል ሆና።

የሚስትሪ ልጅ መጣና ከጎኑ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ ሌሎች ሦስት መጡ። ጣራው ዝም። ኡኒ ሳቀችና ወረቀቷን አወጣች።

"ለሰሌዳው ነው" አለች። "የሠሪው ስም?"

"አብዱል ሞታሌብ።"

"ሙያ?"

ሚስትሪ አርባ ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ምላሳቸው ላይ መጥቶ ሲቆም ታየ። ልጃቸው ከክፈፉ ወርዶ እያያቸው ነው። ፈገግ አላለም።

"አናጺ" አሉ።

ኡኒ ጻፈች። "ሌላ ሰው አለ?"

"አለ" አሉ። "ክዳኑን የከደነው፣ እንጨቱንም ያጎበጠው። ጣሂር።"

"ናይ፣ ናይ፣ እኔ የባስ ሹፌር ነኝ" አለ ጣሂር። "ያፈረስኩትም እኔ ነኝ።"

"ማፍረስህን አልጠየቀችህም" አሉት ሚስትሪ። "ሙሉ ስምህን ነው የምትፈልገው።"

"የቤተሰብ ስም?" አለች ኡኒ ብዕሯን ይዛ።

ጣሂር ይኼን ጥያቄ በኖርዌይ ምድር ስንት ቢሮ ውስጥ እየተነጫነጨ መልሶታል። የኔ ስም እሱ አይደለም፣ የአባቴ ነው፣ አባቴ ሌላ ሰው ነው እያለ። አሁን ፊደሉን አንድ በአንድ ነገራት፤ እንዳትሳሳት አስደገማት፤ የጻፈችውን ጎንበስ ብሎ አነበበው።

ሰሌዳውን ምሰሶው ላይ የመታው ራሱ ነው። ሚስትሪ መዶሻውን ሰጥተውት፣ ቀጥ ማለቱን ከሩቅ ሆነው አዩለት። ከመጀመሪያው ስም ሥር "ጣሂር ይመር፣ ክዳን" ይላል። ሰማንያ ቤት ሠርቶ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሰማንያ አንደኛው ላይ፣ አመሩድ፣ ተጻፈ።

ኡኒ አጥሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ዞር ብላ ተጣራች። "ይመር! መዶሻው የማኅበሩ ነው፤ ስትጨርስ መልሰው።"

"ያ" አለ ጣሂር። "እመልሳለሁ።"